የአሬትሶው ጊዶ፤ ለዜማ መስመር ያሰመረ መምህር

ፊደል የቆጠረና ዳዊት የደገመ ሕፃን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ ቢሰጡት ገልጦ ማንበብ ይችላል። መምህሩ ከአጠገቡ ቆሞ ቃሉን አስቀድሞ እንዲያሰማው አያስፈልግም። የፊደል ታላቅ ጥቅም ተማሪውን የመምህሩን አፍ ከመጠበቅ ማላቀቁ ነው። በምዕራብ አውሮፓ ግን ይህ ጥቅም ለንባብ ከተገኘ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ለዜማ አልተገኘም ነበር። የቤተ ክርስቲያን መዘምር የላቲን ቋንቋ የጠለቀ፣ መጻሕፍትን የመረመረ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከመምህሩ ያልሰማውን አንድ አጭር መዝሙር በራሱ ችሎታ ሊያዜም አይችልም ነበር።

ይህን ጉድለት ሞልቶ ዜማም እንደ ንባብ ሁሉ በዓይን የሚነበብ እንዲሆን ያደረገው በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኢጣልያ የኖረ ጊዶ የተባለ መነኩሴ ነው። ታሪክ የሚያስታውሰው ባስተማረበት ከተማ ስም የአሬትሶው ጊዶ እያለ ነው። ጊዶ ጦር አልመራም፤ ግዛት አልገዛም። የዕለት ሥራው ሕፃናት መዘምራንን ማስተማር ነበር። ነገር ግን ልጆችን ለማስተማር ብሎ ያወጣው ሥርዓት ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየትምህርት ቤቱ፣ በየኦርኬስትራውና በየማርሽ ባንዱ የሚሠራበት የኖታ አጻጻፍ መሠረት ሆኖ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቃል የተያዘ ሀብት

የጊዶን ሥራ ዋጋ ለመገመት በመጀመሪያ በዘመኑ የነበረውን ችግር መረዳት ያስፈልጋል። ከ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የፍራንኮች ነገሥታት፣ በተለይም ታላቁ ካርል፣ በግዛታቸው ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በሮማ ሥርዓት እንዲያዜሙ ይጥሩ ነበር። የዓመቱ በዓላት፣ የሌሊቱና የቀኑ ጸሎታት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዜማ ስለነበራቸው አንድ መዘምር በቃሉ ሊይዘው የሚገባው መዝሙር በብዙ መቶዎች የሚቆጠር ነበር። መማሪያው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መምህሩ ያዜማል፣ ልጁ ይደግማል፤ ልጁ ሲሳሳት ይገሠጻል፣ እንደገና ይደግማል። በዚህ አኳኋን የዓመቱን መዝሙር ጠንቅቆ ለመያዝ አሥር ዓመት ያህል ይፈጅ ነበር። ከአሥር ዓመትም በኋላ ተማሪው የሚያውቀው የተማረውን ብቻ ነው።

ከ9ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ከቃሉ በላይ ኒውማ የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶችን መጻፍ ተጀምሮ ነበር። እነዚህ ምልክቶች ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል፣ የቱ ላይ እንደሚንቀጠቀጥና የቱ ላይ እንደሚረግጥ ያሳያሉ። በስንት ደረጃ ከፍ እንደሚል ግን አያሳዩም። ነገሩ መሐንዲስ ልኬት ሳይጽፍበት እንደ ነደፈው የመንገድ ንድፍ ነው፤ እዚህ ዳገት፣ እዚያ ቁልቁለት እንዳለ ያመለክታል፤ የዳገቱ ከፍታ ስንት እንደሆነ ግን አስቀድሞ መንገዱን የሄደበት ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አያውቀውም። ስለዚህ ኒውማ የሚያውቀውን ሰው ያስታውሳል እንጂ የማያውቀውን አያስተምርም።

ይህ ሁኔታ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚታወቀውን ድጓ ለመማር የዜማ ቤት ተማሪ ብዙ ዓመት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገርለት የምልክት ሥርዓት ከንባቡ በላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ፊደላትን፣ እንዲሁም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉትን ምልክቶች ይዟል። ፊደላቱ ተማሪው ቀድሞ በቃሉ የያዘውን የዜማ ሐረግ የሚያስታውሱ ናቸው። ስለሆነም ምልክቱ ያለ መምህር ሙሉ ሆኖ አይነበብም። በሁለቱም አገር የዜማው ሀብት ማኅደር የሊቁ ልቡና ነበር፤ ሊቁ ሲያልፍ ያላስተላለፈው ሁሉ አብሮት ያልፍ ነበር።

በፖምፖሳ ገዳም

ጊዶ በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እንደተወለደ ይገመታል። ከታወቀው ታሪኩ መጀመሪያ ላይ የሚገኘው የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት በሚከተለው በፖምፖሳ ገዳም ነው። ገዳሙ የሚገኘው በፌራራ አካባቢ፣ የፖ ወንዝ ወደ አድርያቲክ ባሕር በሚገባበት ረግረጋማ ምድር ነው። ጊዶ በዚያ የመዘምራን ልጆችን የማሠልጠን ኃላፊነት ተሰጠው።

በሥራው ላይ ሳለ አንድ ነገር አሳሰበው። እነዚያው ልጆች መዝሙረ ዳዊትን በሚገባ ካነበቡ በኋላ ማንኛውንም መጽሐፍ ያነባሉ። በዜማ ግን ከእነርሱ በዕድሜ እጅግ የሚበልጡት መዘምራን እንኳ ዕድሜያቸውን ሙሉ በየቀኑ እየዘመሩ አንዲት አዲስ ዜማ ያለ መምህር ሊያወጡ አይችሉም። ጊዶ ይህን ባሰበ ጊዜ ጉድለቱን በልጆቹ አእምሮ ላይ አላላከከም። ጉድለቱ ያለው በአጻጻፉ መሆኑን ተረዳ። አጻጻፉ ጉድለት ካለበት ደግሞ መታረም ያለበት አጻጻፉ እንጂ ልጁ አይደለም።

ከዚህም የተነሣ ሚካኤል ከሚባል የገዳሙ ወንድም ጋር ሆኖ የዓመቱን መዝሙር በአዲስ አጻጻፍ የያዘ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረ። ልጆቹም በአዲሱ አጻጻፍ ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን መዝሙር እያዩ ማዜም ቻሉ። ዝናው ከገዳሙ ውጭ ተሰማ። በገዳሙ ውስጥ ግን የተከተለው ደስታ ሳይሆን ቅናት ነበር። አሥር ዓመት ደክሞ የተማረ ሰው አንድ ብላቴና በጥቂት ወር ውስጥ እኩያው ሲሆን ሲያይ የድካሙ ዋጋ የረከሰ መስሎ ሊታየው ይችላል። የወንድሞቹ ተቃውሞ እየበረታ፣ አበምኔቱም ወደ ተቃዋሚዎቹ እያዘነበሉ ስለሄዱ ጊዶ ከገዳሙ ወጥቶ ሄደ።

ኋላ ለሚካኤል በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ጊዶ ይህን ዘመን ሲያስታውስ አንድ የቆየ ተረት ይጠቅሳል። በተረቱ ውስጥ አንድ የእጅ ባለሙያ የማይሰበር ብርጭቆ ሠርቶ ለሮማ ቄሣር አቀረበ፤ ከሰው ሁሉ የበለጠ ሥራ ስለሠራ ከሰው ሁሉ የበለጠ ሽልማት ጠብቆ ነበር። ነገር ግን ብርጭቆ የማይሰበር ከሆነ በቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት የተከማቸው ወርቅና ብር ዋጋ ያጣል ተብሎ ባለሙያው ሞት ተፈረደበት። ጊዶ በዚህ ተረት የራሱን ዕጣ አይቷል። አዲስ ዘዴ የሚጠላው ሁልጊዜ ስለማይሠራ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚጠላው በትክክል ስለሚሠራ ነው።

በአሬትሶ ካቴድራል

ጊዶ ከፖምፖሳ ከወጣ በኋላ በቶስካና ወደምትገኘው ወደ አሬትሶ ከተማ ሄዶ በ1025 ገደማ በጳጳሱ በቴዎዳልድ ጥላ ሥር ተጠለለ። ጳጳሱ ሥራ ወዳድና የጥበብ አፍቃሪ ነበሩ። በዚያው ዘመን ከከተማው ውጭ ባለው በፒዮንታ ኮረብታ ላይ ለቅዱስ ዶናቶስ ካቴድራል ያሠሩ ነበር፤ ለዚህም ማጂናርዶ የተባለውን መሐንዲስ ወደ ራቬና ልከው የቅዱስ ቪታሌን ቤተ ክርስቲያን አሠራር አጥንቶ እንዲመጣ አድርገዋል። አዲስ ነገር መሞከርን የማይፈሩ እኚህ ጳጳስ ለጊዶም የካቴድራሉን ሕፃናት መዘምራን አስረከቡት።

በአሬትሶ የተገኘው ውጤት ጊዶን ራሱን ሳያስደንቀው አልቀረም። ከልጆቹ አንዳንዶቹ አንድ ወር በማይሞላ ልምምድ ውስጥ አይተውትም ሰምተውትም የማያውቁትን መዝሙር ገና በመጀመሪያ እይታ ሳይጠራጠሩ ያዜሙ ጀመር። ቀድሞ በአሥር ዓመት እንኳ በጭንቅ ይገኝ የነበረው ሙሉ መዘምር በአንድ ዓመት፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት እንደሚገኝ ጊዶ በጽሑፉ ተናግሯል። በጳጳሱም አሳሳቢነት ሚክሮሎጉስ የተባለውን መጽሐፉን በ1026 አካባቢ ጽፎ ለእርሳቸው አበረከተ። የመጽሐፉ ስም አጭር ንግግር እንደ ማለት ነው። 20 ምዕራፎች ያሉት ይህ መጽሐፍ በመካከለኛው ዘመን በብዛት ከተገለበጡት የሙዚቃ መጻሕፍት አንዱ ለመሆን በቅቷል።

መጽሐፉ የሚጀምረው ከልኬት ነው። ጊዶ ተማሪው በመጀመሪያ በአንድ ጣውላ ላይ የተወጠረ አንድ አውታር ይዞ እንዲለካ ያዛል። አውታሩ አንድ መሆኑ መሰንቆን ያስታውሳል፤ ዓላማው ግን ለመጫወት ሳይሆን ለመለካት ነው። የአውታሩ ሙሉ ርዝመት ለዘጠኝ እኩል ይከፈልና የመጀመሪያው ክፍል በሚያልቅበት ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በቀሩት ስምንት ክፍሎች የሚሰማው ድምፅ ከፊተኛው በአንድ ሙሉ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። አውታሩ ለሁለት ሲከፈል ኦክታቭ ይሰማል። ሁለት ሦስተኛው ሲመታ አምስተኛው ድምፅ፣ ሦስት አራተኛው ሲመታ ደግሞ አራተኛው ድምፅ ይገኛል። በዚህ አኳኋን 21 ድምፆች በአውታሩ ላይ በፊደል ተሰይመው ይቀመጣሉ። ድምፅ የሚለካ ነገር መሆኑ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ጊዶ ያደረገው ይህን እውቀት ከፈላስፋው ጠረጴዛ አንሥቶ ለስምንትና ለአሥር ዓመት ልጅ እጅ መስጠት ነው።

የመስመሩ አሠራር

ከጊዶ በፊትም አንዳንድ ጸሐፊዎች አንድ መስመር አስምረው ምልክቶቹን ከበላዩና ከበታቹ ይደረድሩ ነበር፤ ፊደላትን ለድምፅ ስም የሰጡም ነበሩ። የጊዶ ሥራ እነዚህን የተበታተኑ ሙከራዎች ሰብስቦ ስሕተት የማይገባው አንድ ደንብ ማድረግ ነው። ደንቡም በጥቂት ቃላት ይገለጻል። መስመሮቹ እኩል ተራርቀው ይሰመራሉ። እያንዳንዱ መስመርና በመስመሮቹ መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍት ቦታ የአንድ ድምፅ መቀመጫ ይሆናል። በአንድ መስመር ወይም በአንድ ክፍት ቦታ ላይ የተቀመጡ ምልክቶች ሁሉ፣ የቱንም ያህል ተራርቀው ቢጻፉ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው። ወደ ላይ መውጣት የድምፅ ከፍታ፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ የጊዜ ተከታይነት ነው። ይህም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የሒሳብ ሊቃውንት ግራፍ ብለው ከሚሠሩበት አሳብ ጋር የሚመሳሰል ነው።

ለማንኛውም ልኬት መነሻ ነጥብ ያስፈልገዋል። የመሬት ቀያሽ ከፍታን ሲመዘግብ ከታወቀ መነሻ ተነሥቶ እንደሚለካ ሁሉ ጊዶም ለአንባቢው ሁለት መነሻዎችን ሰጠ። ኤፍ የሚባለው ድምፅ የሚቀመጥበት መስመር በቀይ ቀለም፣ ሲ የሚባለው ድምፅ የሚቀመጥበት መስመር በቢጫ ቀለም እንዲሰመር አደረገ፤ በመስመሮቹም መነሻ ላይ ፊደላቱ ይጻፋሉ። ቀለሞቹ ለውበት የገቡ አይደሉም። በድምፆች ሰልፍ ውስጥ አብዛኛው እርምጃ ሙሉ ደረጃ ሲሆን ግማሽ እርምጃ የሚገኘው ከኤፍ በታችና ከሲ በታች ነው። ልጅ ሲያዜም የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ቀይና ቢጫ መስመሮች ከበታቻቸው ያለው እርምጃ አጭር መሆኑን አስቀድመው የሚያስጠነቅቁ ምልክቶች ናቸው።

መስመር ወይም ፊደል የሌለውን ኒውማ ጊዶ ገመድ ከሌለው የውኃ ጉድጓድ ጋር ያመሳስለዋል። ውኃው ሞልቷል፤ የተጠማው ሰው ግን ሊደርስበት አይችልም። መምህሩ የዘረጋው መስመር ያ የጠፋው ገመድ መሆኑ ነው።

ስድስቱ ድምፆች

መስመር ድምፁ የት እንዳለ ያሳያል፤ ልጁ ግን ያንን ድምፅ ከጉሮሮው ማውጣት አለበት። ይህ ሁለተኛው ችግር ነበር። በባለ አንድ አውታሩ መሣሪያ ላይ ድምፁን እየፈለጉ ተከትሎ መዘመር ለጀማሪ የሚጠቅም፣ ለሚቀጥል ተማሪ ግን እጅግ የሚጎዳ መሆኑን ጊዶ ተገንዝቧል። ምክንያቱም መሣሪያው ሁለተኛ መምህር ይሆናል፤ ልጁም ዳግመኛ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ድምፁ በልጁ ልብ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ለዚህ ያገኘው ዘዴ ቀላል ነው። ለመጥምቁ ዮሐንስ በዓል የሚዘመር አንድ የላቲን መዝሙር መረጠ። የመዝሙሩ ዜማ በስድስቱ የመጀመሪያ ሐረጎች በየአንዳንዱ መነሻ ላይ ከፊተኛው በአንድ ደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። ይህን ዜማ ሆን ብሎ የደረሰው ራሱ ጊዶ ሳይሆን እንደማይቀር የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ። የስድስቱ ሐረጎች የመጀመሪያ ቀለማት ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ልጁ መዝሙሩን በደንብ ካጠና በኋላ ማንኛውንም ሐረግ ነጥሎ እንዲጀምር ይለማመዳል። ከዚያ ወዲያ በመጽሐፉ ላይ አንድ ድምፅ ሲያይ በዚያ ድምፅ የሚጀምረውን ሐረግ ያስታውሳል፤ ጉሮሮውም ይከተለዋል። አንድ የሚያውቀው መዝሙር ለማያውቃቸው መዝሙሮች ሁሉ ቁልፍ ሆነለት።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ ያለው ግማሽ እርምጃ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሚና በፋ መካከል ነው። ስለዚህ ልጁ ሚና ፋ በሚሉት ስሞች አጭሩን እርምጃ በጆሮው አወቀው። የጊዶ ተከታዮች ይህን አስፍተው የስሞቹን ሰልፍ ከሌላ ድምፅ ላይ እያስነሡ ሰፊውን የድምፅ መስክ ሁሉ ሸፈኑበት። የድምፆቹን ስም በግራ እጅ ጣቶች አንጓዎች ላይ እያመለከቱ ማስተማርም ተለመደ። ይህ የእጅ ዘዴ በስሙ የጊዶ እጅ ቢባልም ከእርሱ በተረፉት ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም፤ ያም ሆኖ ልጅ ሁልጊዜ ከእርሱ የማይለይ ሰሌዳ እንዲኖረው ያደረገ የተከታዮቹ ብልሃት ነው።

በሮማ

የአሬትሶ ልጆች ዜና ወደ ሮማ ደረሰ። ከ1024 እስከ 1032 በመንበሩ ላይ የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 19ኛ ሕፃናት ያልሰሙትን መዝሙር ያዜማሉ የሚለውን ወሬ ሰምተው ተደነቁ፤ ሦስት መልእክተኞችም ልከው ጊዶን አስጠሩት። ጊዶ በ1028 ገደማ ከአበምኔት ግሩንዋልድና ከአሬትሶው የካህናት አለቃ ከጴጥሮስ ጋር ሆኖ ወደ ሮማ ሄደ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስለ ዘዴው ብዙ ጠየቁ። የመዝሙሩን መጽሐፍ ገልጠው በመጀመሪያው ላይ የተጻፉትን ደንቦች መረመሩ። ከዚያም ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ሰምተውት የማያውቁትን አንድ አጭር መዝሙር ራሳቸው እስኪያዜሙት ድረስ ሞከሩ፤ ቻሉም። በሌሎች ሲነገር ያላመኑትን በራሳቸው አዩት። አዲስ ዘዴ ከዚህ የበለጠ ፈተና ሊቀርብለት አይችልም። ምስክር ተጠርቶ አልተከራከረም፤ ሥልጣን ያለው ሰው ራሱ ተማሪ ሆኖ ሞከረው።

ጊዶ ግን በሮማ ሊቆይ አልቻለም። በረግረጋማው ከተማ የበጋው ሙቀት ስላሳመመው፣ በክረምት ተመልሶ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱና ለካህናቶቻቸው ዘዴውን በሰፊው ሊያስረዳ ተስማምቶ ወጣ። ከጥቂት ቀናትም በኋላ ቀድሞ ያልተቀበሉትን፣ ስማቸው ከእርሱ ጋር አንድ የሆነውን የፖምፖሳን አበምኔት ጊዶን ጎበኘ። አበምኔቱ መጽሐፉን አይተው ወዲያው አመኑበት፤ ቀድሞ ከተቃዋሚዎቹ ጋር በመስማማታቸው አዝነው ወደ ገዳሙ እንዲመለስ ለመኑት። ለመነኩሴ ከጳጳሳት አደባባይ ይልቅ ገዳም እንደሚሻል፣ በተለይም ሹመት በገንዘብ በሚሸጥበት በዚያ ዘመን፣ ነገሩት። ጊዶ ይህን ሁሉ ለሚካኤል በጻፈ ጊዜ ቂም አይታይበትም። ደብዳቤው በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ስድስቱ ድምፆች አጠቃቀም ነው። በስደት ያልተካፈለው ወንድሙ ቢያንስ በዘዴው እንዲካፈል ፈልጎ ነበር። ከ1033 በኋላ የጊዶ ፈለግ ከታሪክ መዝገብ ይጠፋል።

የሥራው ፍሬና ዋጋው

የጊዶ መስመሮች በየገዳሙ እየተገለበጡ በአንድና በሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ የምዕራብ አውሮፓን ክፍል አብዛኛውን አዳረሱ። መስመሩ የድምፁን ከፍታ እንጂ የቆይታውን ርዝመት አይለካም ነበር፤ ይህ ጉድለት በ13ኛው መቶ ዓመት በወጡ ደንቦች ተሟላ። መስመሮቹ በአብዛኛው ሙዚቃ አምስት ሆኑ። ሰባተኛው ድምፅ ሲ ተብሎ ተጨመረ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ኡት የሚለው ለመዘመር ስለማይመች በዶ ተተካ። ብዙ ድምፆች በአንድነት የሚሄዱበት ሙዚቃ፣ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወትበት ኦርኬስትራ፣ ደራሲው ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሚሰማ ሲምፎኒ፣ ይህ ሁሉ ያለ መስመር ሊታሰብ አይችልም።

ለሕፃናት የተጀመረው ሥራም ወደ ሕፃናት ተመልሷል። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ሣራ ግሎቨር የተባለች የኖርዊች መምህርት የጊዶን ስሞች ለድሀ ልጆች ማስተማሪያ አድርጋ በ1835 አሳተመች፤ ከ1816 እስከ 1880 የኖረው ጆን ከርዌን ደግሞ ዘዴዋን አስፋፍቶ የእጅ ምልክት ጨመረለት። ይኸው ዘዴ በሚሲዮናውያን በኩል ወደ አፍሪቃ ገብቶ በ1897 ኢኖክ ሶንቶንጋ የተባለ የደቡብ አፍሪቃ መምህር ዛሬ የአገሩ ብሔራዊ መዝሙር ክፍል የሆነውን ዜማ ደረሰበት። ከ1882 እስከ 1967 የኖረው የሀንጋሪው ሊቅ ዞልታን ኮዳይም የሕፃናት የሙዚቃ ትምህርት ያቋቋመው በእነዚሁ ስሞችና በእነዚያው የእጅ ምልክቶች ላይ ነው። ወደ ኢትዮጵያም ኖታ በይበልጥ የተስፋፋው በልጆች በኩል ነበር። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የማርሽ ባንድ ሆነው አገልግለዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በዚህ አጻጻፍ ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ደንብ የሚያተርፈው ነገር እንዳለ ሁሉ የሚያስቀረውም አለ። የቀድሞው ኒውማ የሚያሳያቸው ረቂቅ የድምፅ መርገብገቦች በመስመርና በክፍት ቦታ ላይ መቀመጫ ስላላገኙ ቀስ በቀስ ከአጻጻፉም ከአዘማመሩም ጠፍተዋል። መስመሩ የሚቀበለው በመስመሩ ሊለካ የሚችለውን ብቻ ነው። የድጓ ሊቃውንት በምልክታቸው የሚጠብቁት ርክርክና ቅናት በአምስት መስመር ላይ ሲጻፍ አጥንቱ ይገኛል፤ ሥጋው ግን ከሊቁ ጉሮሮ ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ የጽሑፍ ደንብ ለመምህሩ ረዳት እንጂ ምትክ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። ጊዶም ራሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ ዕድሜውን የፈጀው ደንብ በማውጣት ብቻ ሳይሆን ከልጆች ጋር በመዘመር ነው።

ቴዎዳልድ በፒዮንታ ኮረብታ ላይ ያሠሩት፣ ማጂናርዶ ራቬና ድረስ ሄዶ ያጠናለት ካቴድራል ዛሬ የለም። በ1561 በቶስካናው ገዥ በኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ትእዛዝ ፈርሷል። በአሬትሶ ከተማ በ1882 የቆመው የጊዶ ሐውልት በስሙ በተሰየመ አደባባይ ላይ ይታያል። ሐውልቱም እንደ ካቴድራሉ ድንጋይ ነውና አንድ ቀን ሊፈርስ ይችላል። በዚያ ካቴድራል ሥር ለሕፃናት የተሰመሩት ቀይና ቢጫ መስመሮች ግን ማንም ሊያፈርሳቸው በማይችል ቦታ ላይ ይገኛሉ፤ እነርሱም ዛሬ በየአገሩ መጽሐፍ ገልጦ፣ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ማንም ሳያሰማው በሚያዜም ልጅ ዘንድ ናቸው።